መለኪያው ሰው ሲሆን፦ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ተማሪዎች የክሊኒክ ብቃት እንዴት ይመዘናል?

ቀኝ ጎኑ በስትሮክ የደከመ አንድ ሰው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል እንበል። ወደ ዊልቸር መዛወር፣ ከዚያም ሸሚዙን መልበስ ይፈልጋል። አጠገቡ የቆመችው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ተማሪ ዊልቸሩን በጤነኛው ጎኑ በኩል አቅርባ ፍሬኑ መያዙን ማረጋገጥ፣ እጅጌውንም አስቀድሞ በደከመው ክንዱ ላይ እንዲያጠልቅ ማስተማር ይጠበቅባታል። ፍሬኑን ከዘነጋች ሰውየው ሊወድቅ ይችላል። እንግዲህ ይህች ተማሪ ለሙያው መብቃቷን የሚወስነው ማን ነው? በምንስ መለኪያ?

ኦኩፔሽናል ቴራፒ በሕመም ወይም በጉዳት ምክንያት መልበስ፣ መታጠብ፣ ምግብ ማብሰል፣ መማርና መሥራት ያዳገተው ሰው እነዚህን ተግባራት በተቻለ መጠን በራሱ እንዲያከናውን የሚረዳ የጤና ሙያ ነው። በአገራችን ገና ወጣት ሲሆን፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ትምህርቱን ጀምሯል። «የፊዚክስ ሰዎች በዚህ ምን አገባችሁ?» የሚለን አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጉዳዩ የመለካት ጉዳይ ስለሆነ ያገባናል እንላለን።

በቤተ ሙከራ ሁለት ዓይነት ስህተቶችን እንለያለን። አንደኛው የአጋጣሚ ስህተት ነው፤ ንባቡን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ያደርገዋል፤ ደጋግመን ለክተን አማካዩን ስንወስድ እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለተኛው ወጥ ስህተት ነው፤ ምንም ሳይጫንበት 2 ግራም የሚያነብ ሚዛን ሺህ ጊዜ ቢመዘንበት ያው 2 ግራም ይጨምራል። የክሊኒክ ፈተና በሁለቱም ይጠቃል።

የቀድሞው የሕክምና ትምህርት ቤቶች ፈተና አንድን ተማሪ ከአንድ በሽተኛ ጋር አገናኝቶ በአንድ ወይም በሁለት መምህራን የሚያስመዝን ነበር። ቀላል በሽተኛ የደረሰው ያልፋል፤ ከባድ የደረሰው ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1975 ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ በስኮትላንድ ዳንዲ ከተማ የሞከሩትን አዲስ ዘዴ ይፋ አደረጉ። ተማሪዎች በተራ በበርካታ ጣቢያዎች ያልፋሉ፤ በእያንዳንዱ ጣቢያ ጥቂት ደቂቃዎች ቆይተው አንድ የተወሰነ ተግባር ይፈጽማሉ፤ መምህሩም አስቀድሞ በተዘጋጀ ቅጽ ይመዝናል። ዛሬ ይህ ዘዴ ኦኩፔሽናል ቴራፒን ጨምሮ በብዙ የጤና ሙያዎች ይሠራበታል።

የጣቢያዎቹ መብዛት ጥቅም በቀላል ስሌት ይታያል። የአንድ ፈተና ተአማኒነት ከ0 እስከ 1 ባለው ቁጥር ይገለጻል፤ በተማሪዎች ውጤት መካከል ከሚታየው ልዩነት ምን ያህሉ ከእውነተኛ የችሎታ ልዩነት እንደመጣ ያሳያል። ለማሳያ ያህል የአንዱን ጣቢያ ተአማኒነት 0.2 እናድርገው። እ.ኤ.አ. በ1910 ስፒርማንና ብራውን በየፊናቸው ባሳተሙት ቀመር መሠረት፣ ተመሳሳይ ጣቢያዎች 10 ሲሆኑ ተአማኒነቱ ወደ 0.71፣ 16 ሲሆኑ ደግሞ ወደ 0.8 ከፍ ይላል። ከ10 ወደ 16 ስንሄድ የተገኘው ትርፍ አነስተኛ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ፈተና የሚያዘጋጅ ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን የሚያሰላው እዚህ ላይ ነው።

ወጥ ስህተቱ ግን በጣቢያ ብዛት ብቻ አይወገድም። አንዱ መምህር በተፈጥሮው ጨካኝ መዛኝ፣ ሌላው ለጋስ ነው። ሁሉም ተማሪ በዚያው መምህር ፊት ካለፈ ጭካኔው ለሁሉም እኩል ስለሚደርስ ደረጃቸውን አያዛባም፤ የማለፊያው ነጥብ አስቀድሞ ከተቆረጠ ግን ሁሉንም ይጎዳል። ተማሪዎች በዝተው ሁለት ትይዩ ዙሮች ሲካሄዱ ደግሞ የአንዷ ተማሪ ዕጣ በየትኛው ዙር እንደገባች ላይ ይንጠለጠላል።

የሚያስደንቀን ራሱ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ሙያ ለዚህ መፍትሔ ያለው መሆኑ ነው። አን ፊሸር ያዘጋጀችው አንድ መለኪያ ታካሚው እንደ ምግብ ማዘጋጀት ያሉ የለመዳቸውን ተግባራት ሲያከናውን በ36 ነጥቦች ይመዝነዋል፦ 16ቱ ስለ እንቅስቃሴው፣ 20ው ስለ አሠራሩ ሂደት ናቸው። ውጤቱ ሲሰላ የሥራው ክብደት ብቻ ሳይሆን የመዛኙም ጭካኔ በቁጥር ተለክቶ ይታሰባል። የስሌቱ መሠረት ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ ጌዮርግ ራሽ እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመው ሞዴል ነው። እኛ ሚዛናችንን በታወቀ ክብደት እንደምንፈትነው፣ እነርሱ መዛኙን ሰው ይፈትኑታል። ታካሚን ለመለካት የተፈጠረው ይህ ጥንቃቄ ለተማሪዎችም ምዘና ቢውል ምንኛ በበጀ!

ይሁን እንጂ የጣቢያ ፈተና ዳርቻ አለው። በጣቢያው የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ ሕመምተኛ መስሎ የሚጫወት ጤነኛ ሰው ነው። ሽባነትን ማስመሰል ይቻላል፤ ከስትሮክ በኋላ የገተረ ክንድ ሲዘረጋ የሚሰጠውን ተቃውሞ ግን በትክክል ማስመሰል ይከብዳል። ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1990 ብቃትን በአራት እርከኖች ከፍሎታል፦ ማወቅ፣ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ፣ ሠርቶ ማሳየትና በዕለት ሥራ ላይ መፈጸም። የጣቢያ ፈተና የሚደርሰው እስከ ሦስተኛው ነው።

አራተኛውን ለማየት ተማሪው በሕክምና ቦታ ሊከርም ይገባል፤ የዓለም ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን ቢያንስ 1,000 ሰዓት የተግባር ልምምድ ይጠይቃል። በዚያ ደግሞ ሌላ ስህተት ይጠብቀናል። አሠልጣኙ አስተማሪም ዳኛም ነው፤ ለሳምንታት አብሮት ምሳ የበላውን ልጅ ለመጣል እጁ ይተሳሰራል። በአሜሪካና በአውስትራሊያ የሚሠራባቸው የምዘና ቅጾች በልምምዱ መጨረሻ ብቻ ሳይሆን አጋማሹም ላይ የሚሞሉት በከፊል ለዚህ ይጠቅማሉ፦ ፍሬን የምትዘነጋው ተማሪ በአራተኛው ሳምንት በጽሑፍ ከተነገራት ለማረም ጊዜ አላት፤ አሠልጣኙም በመጨረሻው ቀን የሚጽፈው ፍርድ ለእርሷ እንግዳ አይሆንባትም።