የቮልስዋገን ሞተር በደጋና በቆላ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ጅጅጋና ሽኒሌ

በአገራችን «ቮልስ» እየተባለ የሚጠራው የጀርመን መኪና፥ በሌሎች አገሮች እንደሚደረገው በበዓል ቀን ብቻ ተወልውሎ የሚታይ ጌጥ አይደለም። በአዲስ አበባ ዛሬም ልጆችን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ የእህል ጆንያ ከወፍጮ ቤት ይመልሳል፤ ባለቤቱንም ጧት ወደ ሥራው፥ ማታ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ስለዚህ አሮጌ ቮልስ ማደስ በእኛ ዘንድ ደስታና ኑሮ የተቀላቀሉበት ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የተነሣነው አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም፥ ለሰሜን ጀርመን ሜዳ የተሠራና ያለ ውሃ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር፥ በአዲስ አበባ ደጋ ከተስተካከለ በኋላ ወደ ጅጅጋ፥ ከዚያም ወደ ሽኒሌ ቆላ ሲወርድ ምን ይደርስበታል? የሚለው ነው። ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ ሞተሩ በመንገድ ላይ እንዳይቃጠል የሚያድን ወይም የሚያስቃጥል ስለ ሆነ ነገሩ የዋዛ አይደለም።

አስቀድመን ስለ መኪናው ታሪክ ጥቂት እንበል። ቮልስዋገንን የነደፈው ፌርዲናንድ ፖርሽ ነው። ፋብሪካው የሕዝቡን መኪና በብዛት ማውጣት የጀመረው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ፥ በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር ሆኖ በቮልፍስቡርግ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1972 የፎርድን ሞዴል ቲ የ15 ሚሊዮን ቁጥር አለፈ፤ የመጨረሻውም መኪና እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ ወጣ። በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን 500 ሺህ በላይ ተሠርቷል። ከአገራችን ታሪክም ጋር የተያያዘ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 የምዕራብ ጀርመንን ሪፐብሊክ የጐበኙ የመጀመሪያው የውጭ አገር ርእሰ ብሔር ነበሩ። ከሃያ ዓመት በኋላ፥ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ሲወርዱ፥ ከቤተ መንግሥት ያወጣቸው መኪና ቮልስዋገን ነበረ።

መኪናው እስከ ዛሬ የቆየበት ምክንያት ፍቅር ብቻ አይደለም። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በ4 ብሎን ነው፤ አካሉም ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ ስለ ሆነ ሁለቱን ለያይቶ ለየብቻ ማደስ ይቻላል። ኮምፒዩተር የለበትም። አሠራሩን የሚያውቅ መካኒክ በካቻቪቴ፥ በፒንሳና በጥቂት ቁልፎች ብዙ ሊያደርግ ይችላል። በዚህ ላይ የሕግ ምክንያት ተጨመረበት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ወደ አገር ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ዛሬ በአዲስ አበባ መንገድ የሚታየው አዲሱ ቮልስዋገን ከቻይና የሚመጣው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። እንግዲህ አንድ ሞተር በቸልተኝነት ቢቃጠል፥ በርሱ ፈንታ ሌላ ማግኘት እንደ ድሮው ቀላል አይሆንም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንወድም። መኪናው ጀርመናዊ ሲሆን፥ መካኒኮቻችን የሚጠሩበት ቋንቋ ግን ጣሊያንኛ ነው፤ ካንዴላ፥ ቦቢና፥ ቴስታታ፥ ፍሪሲዮን፥ ማርሚታ ይላሉ። መለዋወጫው ደግሞ በመርካቶ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል። ጀርመን፥ ጣሊያን፥ ሶማሌ፤ ሦስቱም በአንድ ትንሽ ሞተር ላይ ተገናኝተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ቮልፍስቡርግ ከባሕር ወለል በላይ 60 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አዲስ አበባ 2355፥ ጅጅጋ 1600፥ ሽኒሌ ደግሞ 1080 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። የአየሩን ግፊት ብቻ ብንወስድ በባሕር ጠረፍ ካለው ጋር ሲነጻጸር በአዲስ አበባ 76፥ በጅጅጋ 83፥ በሽኒሌ 88 በመቶ ያህል ይሆናል። ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ አየር ነውና ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ከእ.ኤ.አ. 1960 ወዲህ የተሠራው የ1200 ሞተር በፋብሪካው 34 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተመዘገበ ነው፤ በሒሳባችን መሠረት በአዲስ አበባ 26፥ በጅጅጋ 28፥ በሽኒሌ 30 ያህሉ ይቀረዋል። ባለ መኪናው «ሞተሬ ደከመ» ብሎ ፋሻና ፒስቶን ለማስለወጥ ከመሮጡ በፊት ይህን ሊያስብ ይገባዋል። ድካሙ የሞተሩ ሳይሆን የአየሩ ሊሆን ይችላልና።

ካርቡራቶሩ ግን አየሩ እንደ ሳሳ አያውቅም። ቤንዚኑን የሚለካው በአንዲት የተበሳች የነሐስ ቁራጭ ነው፤ በላይዋ ላይ የተቀረጸውም ቁጥር የቀዳዳዋን ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ ይነግረናል፤ ይህም ማለት 122.5 የሚል ቁጥር 1.225 ሚሊሜትር ማለት ነው። አየሩ ሲቀንስ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ውህዱ ይወፍራል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፤ ማርሚታው ያጨሳል፤ ቤንዚን ያለ ጥቅም ያልቃል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ጠንቃቃ መካኒክ ቀዳዳዋን በጠባብ ይለውጣታል። ለምሳሌ ከ122.5 ወደ 115 ቢወርድ፥ የቀዳዳዋ ስፋት 12 በመቶ ያህል ያንሳል። ለአዲስ አበባ የሚያስፈልገው ቅነሳ 13 በመቶ ገደማ ነውና ይህ ተስማሚ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለጅጅጋ የሚያስፈልገው ቅነሳ 9፥ ለሽኒሌ 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ለደጋ የተስተካከለው መኪና ወደ ቆላ ሲወርድ፥ ውህዱ በጅጅጋ 3 በመቶ፥ በሽኒሌ 6 በመቶ ከሚገባው በታች ይቀጥናል። ቀጭን ውህድ ደግሞ ሞተርን ያግላል። ባለ መኪናው ግን ይህን አያይም፤ ይልቁንም አየሩ ስለ ወፈረ መኪናው የበረታ ይመስለውና ደስ ብሎት ይነዳል። ካንዴላው ከአመድ ይልቅ የነጣ ሆኖ ሲገኝና ዳገት ላይ ሞተሩ ሲያንኳኳ ብቻ ነው የሚነቃው። ማንኳኳቱም የሚብሰው በደጋ ሳለ የካንዴላው መተኮሻ ጊዜ ቀደም ተደርጎ ከሆነ ነው። እንግዲህ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው የቀድሞዋን ሰፊ ቀዳዳ በመሳቢያው ይዞ ቢጓዝ፥ መተኮሻውንም ወደ ፋብሪካው ልክ ቢመልስ፥ የግማሽ ሰዓት ሥራ ብቻ ነው የሚሆንበት።

ሙቀቱን የሚያወጣው ምንድር ነው? ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ የሚዞር ማራገቢያ አለ። ይህን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ቢበጠስ ዲናሞውም ማራገቢያውም አብረው ይቆማሉ፤ በነጂው ፊት ያለችው ቀይ መብራት ትበራለች። በሌሎች መኪኖች ይህች መብራት «ባትሪ አይሞላም» ማለት ናትና ሰው እስከሚቀጥለው ከተማ ይነዳል። በቮልስ ግን «ሞተሩ መተንፈስ አቆመ» ማለት ስለ ሆነች ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል። መለዋወጫ ቺንጋ ሳይዝ ከአዋሽ በታች የሚነዳ ሰው ድፍረቱ ከልክ ያለፈ ነው።

ከሲሊንደሮቹ ሁሉ በሙቀት የሚጎዳው ሦስተኛው ነው። ምክንያቱም በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይቱ ማቀዝቀዣ የተቀመጠው በአየሩ መንገድ ላይ፥ ከሦስተኛው ሲሊንደር በፊት ስለ ሆነ፥ ወደ ሲሊንደሩ የሚደርሰው አየር አስቀድሞ የሞቀ ነው። ፋብሪካው ራሱ ይህን አይቶ በ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል ማቀዝቀዣውን ከመንገዱ አውጥቶ በራሱ ቤት አስቀመጠው። የቆየ ሞተር ያለው ሰው ቴስታታው ሲወርድ የሦስተኛውን ሲሊንደር የጭስ መውጫ ቫልቭ በተለይ ይመርምር።

ይሁን እንጂ የበለጠው ጥፋት የሚመጣው በእድሳት ጊዜ ነው። በሞተሩ ዙሪያ ያሉትን ላሜራዎች ተራ ሽፋን አድርገው የሚያዩ ጥቂት አይደሉም፤ ሞተሩ ወርዶ ሲገባ አንዱ ይቀራል፤ ሌላው ብሎኑ ጠፍቶ ይንቀጠቀጣል። የሞተሩን ክፍል ዙሪያውን የሚዘጋው ጎማም ደርቆ ሲወድቅ ማንም አይተካውም። ነገር ግን ላሜራውና ጎማው አንድ ሥራ አላቸው፤ ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከታች ከሚወጣው ትኩስ አየር ይለያሉ። ልዩነቱ ከፈረሰ ማራገቢያው ራሱ የተፋውን ሙቀት መልሶ ይስባል። በአዲስ አበባ ብርድ ይህ ላይታወቅ ይችላል፤ በሽኒሌ ቀትር ግን ይታወቃል። ቴርሞስታቱንም «ለሞቃት አገር አያስፈልግም» ብሎ መጣል የተለመደ ነው። ቴርሞስታቱ ብቻ ሲወጣ ሞተሩ ለመሞቅ ይዘገያል፤ የአየሩን መንገድ የሚከፍቱትና የሚዘጉት ክንፎች አብረው ከወጡ ግን አየሩ ለየሲሊንደሩ የሚከፋፈልበት ሥርዓት ይበላሻል። በእኛ አስተያየት አዲስ ቀለምና የሚያብረቀርቅ ፓራውልት ከመግዛት በፊት ገንዘቡ ለነዚህ ላሜራዎችና ጎማዎች መዋል ይገባዋል።

ስለ አነዳዱም ጥቂት እናክል። ከአዲስ አበባ ጅጅጋ 620 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በአዳማ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ ከዚያ በጭሮ በኩል ወደ ቁልቢ ደጋ ይወጣል፤ በሐረርና በባቢሌ አልፎ የካራ ማራን ተራራ ተሻግሮ ወደ ጅጅጋ ሜዳ ይገባል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢወርድ ኖሮ ቀላል ነበር፤ እርሱ ግን ወርዶ ይወጣል፤ ወጥቶም ይወርዳል። በዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ እየጎተተ የሚነዳ ሰው ሞተሩን የሚራራለት ይመስለዋል። ነገር ግን ሞተሩ ሲዘገይ ማራገቢያውም ይዘገያል፤ ጭነቱ ከፍ ብሎ ነፋሱ ያንሳል። ወደ ሦስተኛ ወርዶ ሞተሩን ፈጠን አድርጎ ማዞር ይሻላል። በቆላው ሙቀት ቆሞ የነበረ ሞተር አልነሣም ቢል፥ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቤንዚኑ በፖምፓውና በቧንቧው ውስጥ ወደ እንፋሎት መለወጡ ነው። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ በፖምፓው ላይ አድርጎ ጥቂት መጠበቅ።

በጅጅጋ ዙሪያ፥ ወደ ቀብሪ በያህም ሆነ ወደ ቶጎ ውጫሌ፥ ከሙቀት ይልቅ ጠላቱ አቧራ ነው። ቮልስ አየሩን የሚያጣራው በዘይት በተሞላ ሳሕን ነው፤ አቧራው በዘይቱ ላይ ይቀራል። ሳሕኑ በጭቃ ሲሞላ ግን አቧራው ወደ ሲሊንደር ይገባል። የሞተሩ ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ሲሆን፥ የሚያጣራው ወንፊት እንጂ እንደ ዘመኑ መኪና የሚለወጥ ፊልትሮ አይደለም፤ ስለዚህ ፋብሪካው ለመደበኛ መንገድ ያዘዘውን የ5000 ኪሎ ሜትር የዘይት ለውጥ በአቧራ አገር በግማሽ ማሳጠር ብልኅነት ነው። የጅጅጋ መንገድ የሚሞላው በባጃጅና በጃፓን መኪኖች ነው፤ ከድንበር ማዶ በሶማሌላንድም መሪያቸው በቀኝ የሆኑ የጃፓን መኪኖች በቀኝ መንገድ ይነዳሉ። የአካባቢው ገበያና የመካኒኩ ልምድ ከነዚህ ጋር የሚስማማ ስለ ሆነ፥ በጅጅጋ ቮልስ የሚይዝ ሰው ካንዴላውን፥ ቺንጋውንና የካርቡራቶር ጉዋርኒሲዮኑን ከአዲስ አበባ ቢያመጣ ይሻለዋል። በአንጻሩ የጅጅጋ ደረቅ አየር ለላሜራ የተመቸ ነው።

አሮጌ የመርሰዲስ ናፍጣ የሚወዱ ወዳጆቻችን «የእኛ ካርቡራቶር የለውም፤ ችግሩ አይነካንም» ይሉናል። እውነት ነው፥ ናፍጣው አይቀጥንም። ይሁን እንጂ ፖምፓው ለዝቅተኛ ስፍራ ተለክቶ ከሆነ በደጋ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ራዲያተሩም ውሃ ይፈልጋል፤ በሽኒሌ መንገድ ውሃ ሁልጊዜ አይገኝም።

እድሳቱን በሚመለከት፥ ለየቀኑ ሥራ የሚነዳ መኪና በሁሉም ነገር እንደ ፋብሪካው ይሁን የሚሉትን አንከተልም። የ6 ቮልት መብራት በሌሊት መንገድ የማያሳይ ከሆነ ወደ 12 መለወጥ ተገቢ ነው፤ የመቀመጫ ቀበቶም ይጨመር። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤንዚን ላይ ኤታኖል መቀላቀል ከተጀመረ ወዲህ አሮጌ የቤንዚን ጎማዎች ይበልጥ የሚያጠራጥሩ ሆነዋልና እነርሱንም መለወጥ ነው። ሳይነካ የሚቀረው የማቀዝቀዣው ሥርዓት ብቻ ነው። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ በታች እንደሚቀመጥም አይረሳ። መቀመጫው ሲታደስ የሽቦው ሞላ ረዝሞ ከሆነ፥ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት የባትሪውን ጫፍ ሊነካና እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ በባትሪው ላይ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ክዳን ማኖር ያስፈልጋል።