ጆሮ የሚወጋው ስቴሪዮው ነው ወይስ ሳሎናችን?

እዚሁ ሬሆቮት፣ ክርያት ሞሼ ሰፈር የሚኖር አንድ ዘመዴ ገንዘብ አጠራቅሞ አዲስ ስቴሪዮ ገዛ። ቅዳሜ ማታ ሰንበት ከወጣ በኋላ ቡና ተፈልቶ ሙዚቃው ሲከፈት ግን እናቱ ብድግ ብለው ወደ ሚርፔሴት ይወጣሉ። «እማማ፣ ዘፈኑን አልወደዱትም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ዘፈኑንማ እወደዋለሁ። ይሄ ሳጥን ነው እንጂ ጆሮዬን እንደ ወስፌ የሚወጋኝ» አሉኝ። ልጃቸውም ዕቃው የተበላሸ መስሎት ወደ ሱቅ ሊመልሰው ደረሰኙን እየፈለገ ነበር።

ዕቃው ግን ደህና ነበር። ወቅቱ በጋ ስለነበረ ምንጣፉ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ገብቷል፤ መጋረጃው ለእጥበት ወርዷል። የቀረው ባላጣ ወለል፣ የኮንክሪት ግድግዳ፣ የመስታወት ጠረጴዛና ትልቅ የሚርፔሴት መስታወት ነው። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ በጣም ውድ የሆነው ስቴሪዮም ቢሆን ጆሮ ይበሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛው ስፒከር ውስጡ ሁለት ማጫወቻ አለው። ትልቁ ወፍራሙን ድምፅ፣ ለምሳሌ ከበሮና ቤዝ ጊታር ያወጣል። ትንሹ፣ ትዊተር የሚባለው፣ ቀጭኑን ያወጣል፤ የክራር አውታር ሲመታ የሚሰማውን፣ የድራሙን ብረት ሳህን፣ በዘፋኙ አፍ ውስጥ ያሉትን «ሰ» እና «ሸ»። የሰው ጆሮ ከሁሉ ይበልጥ ንቁ የሆነው በሴኮንድ ከ2,000 እስከ 5,000 ጊዜ ለሚርገበገብ ድምፅ ነው። ስለዚህ ቀጭኑ ድምፅ ትንሽ እንኳ ከበዛ ቶሎ ያስቸግራል። «ሰ» የምትለዋ ፊደል እንደ ፉጨት ከተሰማችሁ ችግሩ እዚያ ላይ ነው ማለት ነው።

በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችንን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ጆሮ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚደክመው ለቀጭን ድምፅ ነው። «ታዲያ ቀጭን ድምፅ የማይሰሙ ከሆነ እንዴት ያማቸዋል?» ትሉ ይሆናል። ባረጀ ጆሮ ውስጥ «አልሰማም» በሚለውና «አመመኝ» በሚለው መካከል ያለው ርቀት ይጠባል። ዝቅ ሲል አይሰማም፣ ትንሽ ከፍ ሲል ደግሞ ይወጋል። እናትና አባት ቀንሱ ሲሉ የልጆችን ደስታ ለማበላሸት አይደለም። ንግግር መስማትም ካስቸገራቸው በቁፓት ሆሊም በኩል የጆሮ ምርመራ ማድረግ ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ክፍሉ እንመለስ። ከስፒከሩ ወደ ጆሯችን በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ ከፊሉ ብቻ ነው። ሌላው ወደ ግድግዳ፣ ወደ ጣሪያና ወደ ወለል ሄዶ እየነጠረ ይመለሳል። ኮንክሪትና ባላጣ ከሚደርስባቸው ቀጭን ድምፅ ከ100 እጅ 95ቱንና ከዚያ በላይ መልሰው ይወረውሩታል፤ መስታወትም እንደዚያው። ታጥፎ የተሰቀለ ከባድ መጋረጃ ግን ከግማሽ በላይ ሊውጠው ይችላል።

ጎንደር ያደጉት አንባቢያን የጎጆ ቤትን ያስታውሱ። ክዳኑ ሣር ነው፣ ግድግዳው ከጭድ በተቦካ ጭቃ የተመረገ፣ መደቡ ላይ አጎዛና ቁርበት የተነጠፈ። ሣሩና አጎዛው ቀዳዳ የሞላባቸው ስለሆኑ ቀጭኑ ድምፅ ገብቶ በዚያው ይቀራል። በጎጆ ውስጥ የተመታ ክራር ለስለስ ብሎ የሚሰማው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከዚያ ወጥተን በ1984ም ሆነ በ1991 ወይም ከዚያ በኋላ የገባንበት ቤት በኮንክሪት የተሠራ ነው። ዘፈኑ ያው ነው፣ ቤቱ ተለወጠ።

ይህን ነገር መጀመሪያ በቁጥር የለካው በአሜሪካ የሃርቫርድ መምህር የነበረው ዋላስ ሳቢን ነው። በ1895 ዩኒቨርሲቲው አዲስ አዳራሽ ሠርቶ መምህሩ ሲናገር ማስተጋባቱ ንግግሩን እየሸፈነው ተማሪው ቃሉን መለየት አቃተው። አንድ ድምፅ ከተሰማ በኋላ ከ5 ሴኮንድ በላይ ሳይጠፋ ይቆይ ነበር። ሳቢን ማታ ማታ ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራስ እያሸከመ አምጥቶ፣ በኦርጋን ቧንቧና በሰዓት ለካ። ትራሱ በጨመረ ቁጥር ማስተጋባቱ አጠረ። ያን ሁሉ የለወጠው ትራስ ነው።

እናንተም ያለ ምንም መሣሪያ መለካት ትችላላችሁ። ሙዚቃውን ዝጉና ክፍሉ መካከል ቆማችሁ አንድ ጊዜ በኃይል አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ «ጭርርር» የሚል ነገር፣ እንደ ትንሽ የገደል ማሚቶ፣ ከተሰማችሁ ድምፁ በሁለት ባዶ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ነው። ማማድ ውስጥ ሞክሩት፤ ትንሽና በአራቱም ማዕዘን ኮንክሪት ስለሆነ በደንብ ይሰማል። ብዙ ወጣቶች ክፍላቸው ማማዱ ስለሆነ ሙዚቃ የሚሰሙት እዚያው ነው። አልጋው፣ ልብስና የመጽሐፍ መደርደሪያው ብዙ ይረዳል፤ ሆኖም የብረት መስኮቱንና በሩን የሚዘጋ ነገር እንዳታስቀምጡ።

በሳሎን መጀመር ያለባችሁ ከመስታወቱና ከወለሉ ነው። ወፍራም መጋረጃ፣ በስፒከሩና በሶፋው መካከል ምንጣፍ፣ ሶፋው ላይ የጨርቅ ትራስ። ከሶፋው በስተጀርባ ያለው ባዶ ግድግዳ ላይ ደግሞ ጋቢ ስቀሉ። ከግድግዳው ጋር ከሚጣበቅ ይልቅ አምስት ወይም አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ቢንጠለጠል የበለጠ ይሠራል። ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው ስፌት ለዓይን ደስ ይላል እንጂ ለዚህ ጉዳይ የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው። የእንቁላል ካርቶን የሚለጥፉም አይቻለሁ። እሱም ብዙም አይውጥም፣ እሳት ቢነሳ ደግሞ ይቀጣጠላል።

ቀጥሎ የስፒከሩ አቀማመጥ ነው። ወፍራም ድምፅ እንደ ቡና ሽታ ቤቱን ሁሉ ይሞላል፤ ቀጭኑ ግን እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት ለፊቱ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ስፒከሩ በቀጥታ ጆሮን እያየ ከሆነ ትንሽ ወደ ጎን አዙሩት፤ ወደ መስታወት ግን አታዙሩት።

ከዚያ በኋላ ቁልፎቹን እንይ። ብዙዎቻችን ትሬብሉን ከፍ አድርገን የለመድነው በካሴት ዘመን ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሬኮርድስን መሥርቶ ያሳተማቸው ዘፈኖች በሸክላ ነበር የሚሸጡት። በኋላ ካሴት ቦታውን ያዘ፣ እኛም ካሴትን ከካሴት እየገለበጥን ሰማን። በተገለበጠ ቁጥር ቀጭኑ ድምፅ እየሟሸሸ ስለሚሄድ ትሬብል መጨመር ግድ ነበር። ዛሬ ከስልክ ለሚመጣው ዘፈን ግን ያ ልማድ ጠላት ነው። ትሬብሉን ወደ ዜሮ መልሱ፤ አሁንም ከወጋ ከዜሮ በታች በ2 ወይም በ3 ዝቅ አድርጉ። «ሮክ»፣ «ፖፕ» የሚሉትን የተዘጋጁ ምርጫዎችም አጥፉ፤ ብዙ ጊዜ ቀጭኑን የሚያበዙ ናቸው። በዲስክ ኦን ኪ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር የኖረ፣ ተደጋግሞ የተጨመቀ ዘፈን ከሆነ ደግሞ የብረት ሳህኑ ድምፅ «ሽሽሽ» ይላል። ለዚህ የተሻለ ቅጂ ከመፈለግ በቀር መድኃኒት የለውም።

ሁለት ነገሮች ግን የእውነት ብልሽት ስለሚመስሉ ልብ በሉ። አንደኛው የሽቦ ስህተት ነው። ከአንዱ ስፒከር ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ቦታ ከተለዋወጡ፣ አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋና ቀጭኑ ብቻ ይቀራል። መሣሪያውን ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁ የአንዱን ስፒከር ሽቦዎች ብቻ አለዋውጡ፤ ቤዙ የወፈረበትን ያዙ። ሁለተኛው ትንሽ መሣሪያን እስከ ጥግ መክፈት ነው። አቅሙ ሲያልቅ የድምፁን ጫፍ ይቆርጠዋል፣ ቁርጡም ራሱ አዲስ ስል ድምፅ ይፈጥራል። ትዊተሩን እስከ ማቃጠል የሚያደርሰውም ይኸው ነው። ያኔ ትሬብሉን ብቻ መቀነስ አይበቃም፣ ድምፁ ራሱ ይቀነስ።

በዘመዴ ቤት መጋረጃውን መልሰን ሰቀልን፣ ስፒከሮቹን ከመስታወቱ አራቅናቸው፣ ትሬብሉም 6 ላይ ተገኝቶ ወደ ዜሮ ወረደ። ምንጣፉን ግን እናቱ «በዚህ ሙቀት? በፍጹም!» ብለው ከለከሉ። በእሱ ፈንታ ጋቢያቸውን ለግድግዳው ሰጡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማታ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ድረስ ከተቀመጡበት አልተነሱም። ደረሰኙም አልተገኘም።