ወገቡ የተሰረዘ ሰባት

አጎቴ ሰባት ቁጥርን ሲጽፉ ወገቡ ላይ አጭር ሰረዝ ያሳርፉበታል። ልጅ ሳለሁ እሳቸውን አይቼ ደብተሬ ላይ እንዲያ ብጽፍ የሒሳብ አስተማሪዬ ስህተት ብሎ አረመብኝ። ማታ ስነግራቸው ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ «እኛን ግን እንዲህ ነው ያስተማሩን» አሉ። እንዲህ ያስተማሯቸው ከካናዳ፣ ፈረንሳይኛ ከሚነገርበት ከኩቤክ የመጡ ኢየሱሳውያን ካህናት ናቸው። ቦታው ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነው።

ኢየሱሳውያን የሚለው ስም በእኛ ታሪክ ቁስል ያለበት ስም ነው። ፔድሮ ፓኤዝና ባልደረቦቹ ዐፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ እምነት ካስገቡ በኋላ አገሩ በጦርነት ታመሰ፤ ንጉሡ ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለመልቀቅ ተገደዱ፤ ዐፄ ፋሲለደስም ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጧቸው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አልፎ ያንኑ ማኅበር መልሶ መጥራት ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግን አማራጭ አጥተው ነበር። በሚያዝያ 1917 ዓ.ም.፣ ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ ያስከፈቱትና ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በበላይነት የመሩት ትምህርት ቤት በጣልያን ወረራ ተዘግቷል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ፋሺስቶች የተማረውን ወጣት እየለቀሙ ገድለዋል። ነጻነት ሲመለስ የጠፋው አስተማሪ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1945 ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉሲየን ማትና ባልደረቦቹ የመጡት በግልጽ ገደብ ነው፤ ያስተምራሉ፣ አይሰብኩም፣ የካህን ልብስም አይለብሱም። አፋቸውን የፈቱት በፈረንሳይኛ ሆኖ ሳለ በእንግሊዝኛ ማስተማር ነበረባቸው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ከደብረ ብርሃን መጥተው አዳሪ የሆኑት አጎቴ፣ የፊዚክስ መምህራቸው ቄስ መሆናቸውን ያወቁት በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ ማለዳ የተረሳ ደብተር ሊያመጡ ሲሄዱ፣ በገርበብ ባለ በር ውስጥ ሰውየው ሱፍ ኮታቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ተንበርክከው ሲጸልዩ አዩ። ለማንም አልተናገሩም። ዛሬ ይህን ሲያወሩልኝ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ያኔ የጠበቁትን ምስጢር እስካሁን የሚጠብቁ ይመስላሉ።

ስለእነዚህ መምህራን የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለማት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950 አራት ኪሎ የተከፈተውን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት እሳቸው ናቸውና ይገባቸዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ የተማሪዎቹ ነገር ነው።

እስክንድር ቦጎሲያንን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1937 አዲስ አበባ ተወለደ፤ የአርመን ዝርያ ያላቸው አባቱ የክብር ዘበኛ መኮንን ነበሩ። በተፈሪ መኮንን ሥዕል የተማረው ከመደበኛው ትምህርት ጎን ለጎን ነው። በዚያው ዘመን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት ይመሩ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪና ኋላ በኩቤክ ስመ ጥር ደራሲ የሆነው ዣክ ጎድቡ አስተምረውታል። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ገደማ በንጉሡ የኢዮቤልዩ በዓል ውድድር ሁለተኛ ወጣ፤ ሽልማቱ ለንደን አደረሰው፤ ከለንደን ፓሪስ። ፓሪስ ውስጥ የብራና ጥቅልል ጠልሰም፣ የምዕራብ አፍሪካ ቅርፃ ቅርፅና የዘመኑ የአውሮፓ ሥዕል በአንድ ሸራ ላይ ተገናኙለት። እ.ኤ.አ. በ1964 የሣለው «የጁጁ ሠርግ» ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው። ተመልሶ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ከዚያ አሜሪካ ገባና ለሦስት አስርት ዓመታት ያህል በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2003 ያረፈው ዋሽንግተን ነው። የሥዕሎቹን ቀለም ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር አስባለሁ፤ የትምህርት ቤቱ ሰዓት በደወል ሲያበቃ ልጁን ቀለም ይዞ እንዲቆይ የፈቀደለት ሰው ነበር።

ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ትምህርት ቤቱን የተቀላቀሉት ካናዳውያኑ ከመምጣታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ነጻነት እንደተመለሰ ነው። አባታቸውን ፋሺስቶች ገድለዋቸዋል፤ እሳቸውም ገና በልጅነታቸው ከአያታቸው ጋር ወደ ኢጣሊያ ተግዘው ነበር። ከተፈሪ መኮንን እስክንድርያ ወደሚገኘው ቪክቶሪያ ኮሌጅ፣ ከዚያም ኤድንብራ ሄደው ቀዶ ጥገና ተማሩ። የሕክምና ፋኩልቲውን በዲንነት መሩ፤ መላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅትን መሠረቱ፤ በ1985 ከአርባ በላይ ከሚሆኑ መምህራን ጋር ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ፤ ታሰሩ፤ በግንቦት 1991 ፊላደልፊያ ውስጥ አረፉ። በፖለቲካቸው የሚስማማም የማይስማማም አለ። የቢላዋውን እጅ ግን ማንም አልካደም።

ከእነሱ ቀደም ብሎ በዚያው ግቢ የተማረው ግርማሜ ንዋይ በታኅሣሥ 1953 በንጉሡ ላይ የተነሣውን መፈንቅለ መንግሥት ከወንድሙ ጋር መራ። ንጉሡ በስማቸው ያሠሩት ትምህርት ቤት ታማኝ ሹማምንትን ያፈራል ተብሎ ነበር፤ በእርግጥም አፍርቷል፤ የሚጠይቁትንም እንዲሁ። የትኛው በረታ ብሎ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ የሚቻል አይመስለኝም።

በአብዮቱ ዘመን ስሙ ተቀይሮ እንጦጦ ተባለ። ሰሌዳ ሲቀየር የሰው ሕይወት አይቀየርም፤ ግን የሚያያይዘው ክር ይሳሳል። ከታወቁት ከሦስት ከአራቱ ሌላ ባንክ ያቋቋሙ፣ ድልድይ የለኩ፣ አውራጃ ውስጥ ብቻቸውን ጤና ጣቢያ የያዙ፣ በቀይ ሽብር የወደቁ ስንት ነበሩ? የእነዚህን ታሪክ የሚያውቁት ዛሬ ሰማንያን የተሻገሩ ጓደኞቻቸው ናቸው፤ መጽሐፍ ላይ አልሰፈረም። ይህን ታሪክ የመመዝገቡ ሥራ ለነገ ሲባል ስንት ዓመት አለፈ! በየለቅሶ ቤቱ ድንኳን ሥር የሚነገረው ትዝታ ድንኳኑ ሲነሣ አብሮ ይነሣል።

ባለፈው ጥምቀት ማግሥት ስልኬን ለመቅጃ ይዤ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። በመንገድ ሥራ ሠላሳ ዓመት ቀያሽ ሆነው አገልግለዋል፤ ስለራሳቸው እንዲነግሩኝ ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን ጥቁር የስልክ ደብተራቸውን አወጡ። ገጹ በክፍል ጓደኞቻቸው ስም የተሞላ ነው። የሞቱት አጠገብ በእርሳስ ትንሽ መስቀል ተደርጎበታል፤ አንዳንዱ ገጽ መስቀል ብቻ ሆኗል።

«ይሄ ከጎኔ ይተኛ የነበረው ነው» አሉ ጣታቸውን አንድ ስም ላይ አኑረው። «ቶሮንቶ ነው። ስለፊዚክሱ መምህር ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል።»

ቁጥሩ ውስጥ ሦስት ሰባት አለ፤ ሦስቱም ወገባቸው ተሰርዟል። መነጽራቸውን አደረጉና እያነበቡ እኔ እንድደውል ነገሩኝ። ሁለት ጊዜ ጠራ።