የጁባ አየርና የአዲስ አበባ አየር

ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ባዮሎጂ የሚያጠኑ ተማሪዎቻችን «በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን 21 በመቶ ነው» የሚለውን ሳይሳሳቱ ይናገራሉ። «ደጋ ሲወጣ ትንፋሽ ለምን ያጥራል?» ሲባሉ ግን ብዙዎቹ «ኦክሲጅኑ በመቶኛ ስለሚቀንስ ነው» ይላሉ። ይህ መልስ ስሕተት ነው፤ ነጥብ ከማስጣሉም በላይ የጋዝ ልውውጥን ፍሬ ነገር ይሸፍናል።

በሁለት ከተሞች እንመልከተው። በነጭ ዓባይ ዳር ያለችው ጁባ ከባሕር ወለል በላይ 550 ሜትር፥ አዲስ አበባ ደግሞ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በሁለቱም ኦክሲጅን 21 በመቶ ነው። የሚለየው የአየሩ ግፊት ነው፤ ይኸውም በጁባ 710፥ በአዲስ አበባ 570 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው። ከእነዚህ 21 በመቶውን ብናሰላ 149 እና 120 እናገኛለን። የኦክሲጅን ከፊል ግፊት የምንለው ይህንን ነው። አየሩ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከውሃ እንፋሎትና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲቀላቀል ከዚህም ዝቅ ይላል።

ሳንባ ኦክሲጅንን ወደ ደም አይጎትትም። ጋዝ ከፊል ግፊቱ ከበዛበት ወዳነሰበት በዲፊውዥን ያልፋል። ከሰውነት ዞሮ ወደ ሳንባ የሚመለሰው ደም ዕረፍት ላይ ባለ ሰው 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ስላለው፥ ኦክሲጅኑ በአየር ከረጢቶቹ ስስ ግድግዳ አልፎ ከሄሞግሎቢን ጋር ይጣመራል። ልዩነቱ ሲጠብ ግፊያውም ይደክማል። ስለዚህ ከጁባ አዲስ አበባ የገባ ተማሪ ደረጃ ሲወጣ ቶሎ ቶሎ ቢተነፍስ ከስንፍና አይቆጠርበት! በአንገቱ ደም ቅዳዎች አጠገብ ያሉ ትንንሽ አካሎች የኦክሲጅኑን ማነስ ለአንጎል ያስታውቃሉ። በዝቅተኛ ቦታ ግን የትንፋሽን ፍጥነት በይበልጥ የሚወስነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ትንፋሻችንን ስንይዝ አስጨንቆ የሚያስለቅቀንም በዋነኛነት የእሱ መብዛት ነው። ፈታኞች ይህችን ይወዷታል።

ቆላ የለመደ ሰው በደጋ ሳምንታት ሲቆይ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ይበዛሉ። የሚያስገርመው፥ እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሞ የወጣ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ሲመረምር፥ የሄሞግሎቢን መጠናቸውም ሆነ ኦክሲጅን የመያዝ ደረጃው በባሕር ወለል ካሉ ሰዎች ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኝቷል።

ለክፍል መለማመጃ ይህን እናቅርብ፦ በዚያ ከፍታ የአየር ግፊቱ 490 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ቢሆን የኦክሲጅን ከፊል ግፊት ስንት ይሆናል? ከጁባውስ በስንት ያንሳል?