መርከቡ ሲያንስ ባሕሩ አያንስም

የጀርመኑ የጦር መርከብ ቢስማርክ ከጫፍ እስከ ጫፍ 251 ሜትር ይረዝም፣ 36 ሜትር ይሰፋ ነበር። ሙሉ ጭነቱን ሲይዝ ክብደቱ ከ50,000 ቶን ያልፋል። በ1 ለ200 የሚሠራው ሞዴል ርዝመቱ 1 ሜትር ከ25 ሳንቲሜትር፣ ወርዱ 18 ሳንቲሜትር ነው። እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ ማካፈል ብቻ ነው። ብዙ ሞዴል ሠሪም ሥራው ሁሉ ማካፈል ይመስለዋል፤ የፕላኑን እያንዳንዱን ልክ ለ200 ካካፈለ ትንሹን ቢስማርክ እንደሚያገኝ ያምናል። የሚያገኘው ግን መልኩ ቢስማርክን የሚመስል፣ ጠባዩ ሌላ የሆነ ዕቃ ነው። ርዝመት፣ ክብደት፣ ፍጥነትና ጥንካሬ በእኩል መጠን አይቀንሱም፤ ውኃውና የሰው ጣት ደግሞ ጭራሽ አይቀንሱም። ስለዚህ ሞዴልን በትክክል መሥራት፣ ይልቁንም ሲሰበር በትክክል መጠገን፣ የሚቀንሰውን ከማይቀንሰው ለይቶ የማወቅ ሥራ ነው እላለሁ።

ከክብደት እንጀምር። ርዝመት ለ200 ሲካፈል ወርድና ከፍታም ለ200 ይካፈላሉ፤ ክብደት የሦስቱም ብዜት ስለሆነ የሚካፈለው ለ8 ሚሊዮን ነው። 50,000 ቶኑ 6 ኪሎ ከሩብ ይሆናል ማለት ነው። ሞዴሉ ውኃ ላይ እንደ እውነተኛው ቁመቱን ጠብቆ እንዲንሳፈፍ ከተፈለገ አካሉ፣ ባትሪው፣ ሞተሩና ከታች የሚደረደረው እርሳስ ሁሉ ተደምረው ከዚህ ልክ ማለፍ የለባቸውም። ግድግዳው ላይ ግን ሒሳቡ ይጨንቃል። የጎኑ ዋና ጥሩር 320 ሚሊሜትር ነበርና ሲካፈል 1.6 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ይህ በፕላስቲክ ይሠራል። ሌላ ቦታ ያለ 16 ሚሊሜትር የብረት ሉህ ግን 0.08 ሚሊሜትር ይወጣል፣ ከተራ ወረቀት ይሳሳል። ስለዚህ ግድግዳው ይወፍራል፤ የወፈረው ክብደት ደግሞ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ሞዴሉን ይገለብጠዋል። ከባድ መድፎቹ የተቀመጡባቸው አራቱ ተሽከርካሪ ማማዎች እያንዳንዳቸው 1,000 ቶን ገደማ ነበሩ፤ በልኩ ሲቀነሱ 125 ግራም ያህል ይመዝናሉ። እነዚህ ማማዎች ቦታቸው ላይ የቆዩት በገዛ ክብደታቸው ነበር። ሮበርት ባላርድ በ1989 ስብርባሪውን ወደ 4,800 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲያገኘው መርከቡ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር፤ አራቱም ማማዎች ግን አልነበሩም። መርከቡ ሲሰጥም ተገልብጦ ስለነበር ከጉድጓዳቸው ወጥተው ወድቀዋል። ማማውን ሳያጣብቅ በቦታው ብቻ የሚያስቀምጥ ሞዴል ሠሪ እንግዲህ ዋናውን መርከብ መከተሉ ነው።

ውኃው ላይ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊሊያም ፍሩድ በ1870ዎቹ ቶርኪ በተባለው ከተማ በሠራው የሙከራ ገንዳ ሞዴሎችን እየጎተተ እንዳሳየው፣ ሞዴሉ የሚያስነሣው ማዕበል የትልቁን እንዲመስል ፍጥነቱ መቀነስ ያለበት በርዝመቱ ልክ ሳይሆን በርዝመቱ ስኩዌር ሩት ነው። የ200 ስኩዌር ሩት ከ14 ጥቂት ከፍ ይላል፤ ስለዚህ የቢስማርክ 30 ኖት በሞዴሉ ከ2 ኖት ጥቂት ያልፋል፣ በሰከንድ 1.1 ሜትር ገደማ። በኩሬ ላይ ሞዴላቸውን እንደ ሞተር ጀልባ የሚያስፈተልኩ ሰዎች ይህን ሕግ ይጥሳሉ፤ የሚያስነሡት ማዕበልም ያጋልጣቸዋል። ፍሩድ ራሱ እንደተረዳው ግን የማዕበሉ ሕግ ለውኃው ፍትጊያ አይሠራም። ውኃው ለሞዴሉ ሲባል አይቀጥንም፤ ትንሹን አካል ከመጠኑ በላይ ይይዘዋል። በዚህ የተነሣ በትክክለኛ ልክ የተሠሩ ትንንሽ ፕሮፔለሮችና መሪዎች ብዙ ጊዜ አቅም ያንሳቸዋል፤ ሞዴሉን በሬዲዮ የሚነዱ ሰዎችም መሪውን ያሰፉታል።

እዚህ ላይ ልክ አጥባቂው ይቃወማል፦ መሪው ከሰፋ ቢስማርክ የት አለ? ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ የዚህ መርከብ ዕጣ የተወሰነው በመሪው ነውና። ሜይ 26 ቀን 1941 ከእንግሊዝ አውሮፕላን የተጣለ ቶርፔዶ ሁለቱን መሪዎች እንዳይንቀሳቀሱ አደረጋቸው። ሦስቱ ፕሮፔለሮች ብቻቸውን አቅጣጫውን ሊያስጠብቁት አልቻሉም፤ በማግስቱ ሰጠመ። ቢሆንም ተቃዋሚው ሁለት ጥያቄዎችን አደባልቋል። መልክን ለማሳየት የተሠራ ሞዴል መሪው በልኩ መሆን አለበት። ውኃ ላይ የሚሄደው ግን የሚኮርጀው እንቅስቃሴን ነው፤ እንቅስቃሴው እውነት እንዲሆን ቅርጹ ትንሽ መለወጡ ግድ ነው። ሁለቱን በአንድ ዕቃ አሟልቶ ማግኘት አይቻልም።

ጥገና ላይ የእውነተኛው መርከብና የሞዴሉ ልዩነት ዓይን ውስጥ ይገባል። የእውነተኛው ቢስማርክ ድክመት የኋላ ጫፉ ነበር፤ የስብርባሪው የኋላ ጫፍ ተገንጥሎ ሄዷል። ሌሎቹ የጀርመን የጦር መርከቦች፣ ሉትዞ በኤፕሪል 1940፣ ፕሪንዝ ዩጂን በፌብሩዋሪ 1942 በቶርፔዶ ሲመቱም የተጎዱት እዚያው ላይ ነበር። በሞዴሉ ግን ይህ ክፍል አያሳስብም፤ አካል ባነሰ ቁጥር ከገዛ ክብደቱ የሚደርስበት ጫና ይቀንሳልና። የሚሰበሩት ምሰሶዎች፣ አንቴናዎችና የመደገፊያ አጥሮች ናቸው፤ የሚሰብራቸውም አቧራ የሚጠርግ እጅ ነው። 30 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ምሰሶ በሞዴሉ 1.5 ሚሊሜትር ስለሚሆን የስብራቱ ፊት ስፋት 2 ካሬ ሚሊሜትር አይሞላም። እዚያ ላይ ሱፐር ግሉ ጠብ ማድረግ ለጊዜው ይይዛል፤ ሲደርቅ ግን ተሰባሪ ስለሆነ በሚቀጥለው ንክኪ ይለቃል። ትክክለኛው ጥገና ሁለቱንም ጫፎች በግማሽ ሚሊሜትር ትራፓኖ በስቶ የነሐስ ሽቦ ማስገባት ነው፤ ጭነቱን ሽቦው ይሸከመዋል፣ ማጣበቂያው ሽቦውን ብቻ ይይዛል። የፕላስቲክ አካሉ ሲሰነጠቅ ደግሞ ፕላስቲኩን የሚያሟሟ ማጣበቂያ ሁለቱን ጠርዞች ያዋህዳቸዋል፤ ከውስጥ ሌላ የፕላስቲክ ቁራጭ ከተለጠፈበት ስቱኮና ብርጭቆ ወረቀት የቀረውን ይጨርሳሉ።

ሌላው ተቃውሞ ከቴክኒክ ያለፈ ነው፤ የናዚ ጀርመንን የጦር መርከብ እንዲህ መንከባከብ ለምን ያስፈልጋል? ሜይ 24 ቀን ቢስማርክ ባሰጠመው፣ ሁድ በተባለው የእንግሊዝ መርከብ ላይ 1,415 ሰዎች ሞቱ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ከቢስማርክ ከ2,200 በላይ ሰዎች የተረፉት 115 ገደማ ናቸው። እኔ እንደማየው ነውሩ መርከቡን መሥራቱ ላይ አይደለም፤ ባዶ አድርጎ መሥራቱ ላይ ነው። አንድ ሜትር ከሰማንያ የሆነ ሰው በዚህ ልክ 9 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ሊሠራም ሊታይም ይችላል። ቀለሙም ቀን አለው፤ በጎኑ ላይ የነበሩት ጥቁርና ነጭ መስመሮች ሜይ 21 ቀን ኖርዌይ ውስጥ በግራጫ ተሸፍነዋል፤ ስለዚህ ባለ መስመሩ ሞዴል ገና ያልተዋጋውን መርከብ ነው የሚያሳየው። ሠሪው የመረጠውን ቀን፣ ያሰፋውን መሪ፣ ያወፈረውን ግድግዳና ሽቦ ያስገባበትን ምሰሶ በሞዴሉ ማስቀመጫ ሥር መጻፍ አለበት። ያኔ ቀጣዩ ጠጋኝ የመርከቡን ልክ ከሠሪው ውሳኔ ይለያል።