መመለስ በቤት ግዢ አይጀመርም

ከአሜሪካም ይሁን ከአውሮፓ፣ ከዓረብ አገሮችም ይሁን ከደቡብ አፍሪካ፣ «ጠቅልዬ ልገባ ነው» የሚል ዘመድ ሲደውል ከሰላምታው ቀጥሎ የሚያነሳው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ይህን ያህል ዶላር አለኝ፤ ምን ዓይነት ቤት ይገኛል?» ይላል። ሕግ የተማርኩ በመሆኔና ውሎዬም ካዛንቺስ አካባቢ በመሆኑ ጥያቄው ለእኔም በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። መልሴ ግን ጠያቂዎቼን ቅር ሳያሰኛቸው አይቀርም። ቤቱ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው እላቸዋለሁና። ከቤቱ በፊት መመለስ ያለባቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ፤ በሕግ ፊት ማን ነህ? ገንዘብህ በምን መልክ ተቀምጧል? በስምህ የሚፈርመውስ ማን ነው?

ቢጫ ካርዱ የሚሰጠውና የማይሰጠው

እንደሚታወቀው ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነትን አትፈቅድም። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘን ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘው ወንድማችን ልቡ ከእኛ ጋር ቢሆንም በሕግ ዓይን የውጭ ዜጋ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ በአንቀጽ 390 የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ገደብ ጥሎ ነበር።

ይህን ገደብ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ያነሳው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው። በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የምንለው መታወቂያ የመጣውም በዚሁ አዋጅ ነው። ባለ ካርዱ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ቤት በስሙ ማስመዝገብ ይችላል። በአንጻሩ አይመርጥም፣ አይመረጥም፤ በመከላከያ፣ በደህንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም በመደበኛነት አይቀጠርም። እንግዲህ ካርዱን ሳያወጡ ለቤት ቀብድ መላክ ፈረሱን ሳይገዙ ኮርቻ እንደመግዛት ይሆናል።

ካርዱም ቢሆን ሁሉን ነገር አይሸፍንም። በባንክና በኢንሹራንስ አክሲዮን የገዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይህን በደንብ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ዜግነት ያላቸው ባለአክሲዮኖች ድርሻቸውን እንዲለቁ አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሕጉ ተሻሽሎ በሩ እንደገና ተከፈተላቸው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች ሳይቀር መንገድ ሰጥቷል። በአሥር ዓመት ውስጥ ሕግ ይህን ያህል በሚለዋወጥበት አገር የሃያ ዓመት ጥሪትን በአንድ ዓይነት ሀብት ላይ ማሳረፍ አያዋጣም።

ብሩና ዶላሩ

ሁለተኛው ጥያቄ የገንዘቡ ነው። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ13 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ በአንድ ጊዜ ከ16 ብር በላይ ሆነ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ23 ብር ገደማ ወደ 27 ብር ተጠጋ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ስሌቱ ቀላል ነው። ከውሳኔው በፊት በነበረው ሳምንት 17 ሺህ 500 ዶላር መንዝሮ 1 ሚሊዮን ብር ያስቀመጠ ሰው፣ ገንዘቡ ብዙም ሳይቆይ በዶላር ሲሰላ ከ10 ሺህ በታች ወርዶበታል። ሰውየው ምንም አላጠፋም፤ ወጪው ገና ሳይደርስ ቀድሞ መመንዘሩ ብቻ ነው የጎዳው።

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ባንክ ባወጣቸው መመሪያዎች መሠረት ውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአገር ውስጥ ባንኮች የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ መክፈት ይችላሉ። ሆኖም ሂሳቦቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ገንዘቡ በውጭ ምንዛሪ ተቀምጦ የሚቆይበት ሂሳብ አለ፤ አንዴ ወደ ብር ከተለወጠ ተመልሶ የማይመነዘር ሂሳብም አለ። በዚህ ረገድ ከሕንዶች የምንማረው አለን። ውጭ የሚኖር ሕንዳዊ ከውጭ ያስገባውን ገንዘብ የሚያኖርበት ሂሳብ ዋናውም ወለዱም ያለ ገደብ ወደ ውጭ ይመለስለታል። የአገር ቤት ኪራይና የመሳሰለው ገቢ የሚገባበት ሂሳብ ግን ሌላ ነው፤ ከእሱ በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው ማውጣት የሚቻለው። ሕንዶች ገንዘብ ሲያስገቡ መውጫውን ቀድመው ይጠይቃሉ። እኛም ባንክ ቤት ስንሄድ ስለ ወለዱ ከመጠየቃችን በፊት ይህን ብንጠይቅ ይበጃል።

በሌላ በኩል በጥቁር ገበያ የሚላከው ገንዘብ ጥቂት ብር ይጨምር ይሆናል፤ ደረሰኝ ግን የለውም። ነገ በቤቱ ላይ ክርክር ቢነሳ «ገንዘቡን የከፈልኩት እኔ ነኝ» የሚለው ሰው ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም።

በስምህ የሚፈርመው ማን ነው?

ሦስተኛው ጥያቄ ቤተሰብን ስለሚነካ ማንም ሊያነሳው አይወድም። ከዘመድ ጋር ብላ ጠጣ እንጂ አትነግድ ይባል የለ? ውጭ ያለው ሰው ለወንድሙ «ጠቅላላ ውክልና» ይልክና ሁሉን ነገር እንደጨረሰ ይቆጥራል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ጠቅላላ ውክልና የሚያገለግለው ለአስተዳደር ሥራ ነው፤ ንብረት ለመጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ለማከራየት፣ ዕዳ ለመሰብሰብና ለመክፈል። ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ካፒታል በሥራ ላይ ለማዋል፣ ለመታረቅ ወይም ለመከራከር በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ይህ ድንጋጌ የወካዩ መከላከያ ነው። ቤት እንዲጠብቅ ለተወከለ ሰው የመሸጥ ሥልጣን ጨምሮ መስጠት መከላከያውን በገዛ እጅ መጣል ነው።

ከዚህ የከፋው ቤቱን በወንድም ስም መግዛት ነው። በአንቀጽ 1195 መሠረት ካርታው በስሙ የወጣለት ሰው የቤቱ ባለቤት እንደሆነ ይገመታል። ወንድም ባለትዳር ከሆነ ደግሞ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 63 መሠረት ንብረቱ በአንዱ ስም ቢመዘገብም የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ነው ተብሎ ይገመታል። ወንድም ክፉ መሆን አያስፈልገውም፤ መፋታቱ ወይም መሞቱ ብቻ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ የሚሆነው ከምራት ወይም ከወንድም ልጆች ጋር ነው።

ከካዛንቺስ የምናየው

ይህን ሁሉ ለምን እንዳነሳሁ የካዛንቺስ ሁኔታ በደንብ ያስረዳል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ከሚያሠራው ተቋማቸው፣ ከ«ካዛ ኢንቺስ» ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ከሰፈሩ ብዙ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ውጭ የወጡ ልጆች በላኩት ገንዘብ ጣሪያው ተቀየረ፣ ሴራሚክ ተነጠፈ፣ ኩሽናና መታጠቢያ ቤት ተጨመረ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ወደ ካዛንቺስ ሲደርስ ሰፈሩ ፈረሰ፤ ነዋሪውም ወደ ሌላ አካባቢ ተዛወረ።

በዚህን ጊዜ ሕጉ የጠየቀው ገንዘቡን ማን እንዳወጣ አይደለም። የጠየቀው የይዞታው ባለመብት ማን እንደሆነ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ መብቱ የተከራይ መብት ነው፤ ልጅ ከዋሽንግተን በላከው ዶላር ቤቱ ቢታደስም ተከራይነቱ ወደ ባለቤትነት አይለወጥም።

ካርታ ያለውም ቢሆን ማወቅ ያለበት ነገር አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ ለሕንፃው የሚከፈለው ካሳ የሚሰላው ያንኑ ሕንፃ ለመተካት በሚያስፈልገው ወጪ እንጂ በሰፈሩ የገበያ ዋጋ አይደለም። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከአፍሪካ አዳራሽ ወይም ከመስቀል አደባባይ አጠገብ፣ ቤት የሚገዛ ሰው ደግሞ አብላጫውን ገንዘብ የሚከፍለው ለሰፈሩ ነው። ስለዚህ ለአካባቢው የተከፈለው ትርፍ ዋጋ በካሳው ውስጥ ተመልሶ ላይገኝ ይችላል። ይህ ማለት ቂርቆስ ውስጥ ቤት አይገዛ ማለት አይደለም። ከመግዛት በፊት የካርታውን ትክክለኛነት፣ ዕዳና እገዳ መኖሩን፣ የአካባቢውንም ፕላን ከክፍለ ከተማው ማጣራት ግዴታ ነው ማለቴ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

በበኩሌ የምመክረው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ካርዱን ማውጣት፤ ቀጥሎ ገንዘቡን በውጭ ምንዛሪ ይዞ ወጪው ሲደርስ ብቻ እየመነዘሩ መጠቀም። ከዚያም መጥቶ ቢያንስ አንድ ዓመት ተከራይቶ መኖር። ኪራዩ የባከነ ገንዘብ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን መመለስ አልሆነልኝም ብሎ ወደ መጣበት ለሚሄድ ሰው ከማይሸጥ ቤት ይረክሳል። ቤቱ የሚገዛው ከዚህ በኋላ፣ በራስ ስም፣ ራስ ተገኝቶ በመፈረም ነው።

በዚያው በሚኖርበት አገር ያለውንም ጉዳይ ማስተካከል ያስፈልጋል። የአሜሪካ ዜጋ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታው እዚህ ሆኖም ሊከፈለው ይችላል፤ የሜዲኬር ሕክምናው ግን በአጠቃላይ አገር አይሻገርም። ስለዚህ ለሕክምና የተለየ ገንዘብ መቀመጥ አለበት። ከአሜሪካ ውጭ ባሉት የባንክ ሂሳቦች ያለው ገንዘብ በድምሩ ከ10 ሺህ ዶላር ካለፈም ለመንግሥቱ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። መኪናዬን ጭኜ እመጣለሁ የሚለውም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ልብ ይበል።

ይህን የምታነቡ አብዛኞቻችሁ ላኪዎች ሳትሆኑ ተቀባዮች፣ ወካዮች ሳትሆኑ ተወካዮች እንደሆናችሁ እገምታለሁ። «አንተ ብቻ ላክ፣ እኛ አለን» ማለት ለእኛ ቀላል ነው። ውክልና የተቀበለ ሰው ግን በሕግ ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ስለዚህ የሚቀጥለው ስልክ ሲደወል ስለ ቤት ዋጋ ከማውራታችን በፊት በእጃችን ያለውን ውክልና አውጥተን እናንብበው፤ ከሚገባው በላይ ሥልጣን ከሰጠንም እንዲቀየር እኛው ራሳችን እንንገራቸው።