አውሬው ከጻድቁ እግር ሥር፦ የአራዊት ተምሳሌት በሀገራችን ሥዕል



የሀገራችን ሠዓሊ አንበሳ ሲሥል በእርግጥ የሚሥለው ምንድን ነው? «የዱር እንስሳት ሥዕል» ስንል አውሬውን ሰው በሌለበት ዱር እናስበዋለን። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳዎቻችን ላይ ግን አውሬ እምብዛም ብቻውን አይቆምም። የዛሬው ነጥቤም ይኸው ነው፤ ትርጉሙ የሚገኘው አውሬው ከሰው ጋር ካለው ግንኙነት ነው።

ሁለት ምሳሌ ልውሰድ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተከታታይ ትንንሽ ሥዕሎች የሚተርኩ ሠዓሊዎች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከእርሷ በፊት ነግሦ ነበር ከሚባለው ዘንዶ ነው። ስሙ አርዌ ይባላል፤ ቃሉ በግእዝ አውሬንም እባብንም ይጠራል። ሕዝቡ ይገብርለታል፤ እርሱም ይበላል። እዚህ አውሬ ማለት ሰውን የሚውጥ ሥልጣን ነው።

አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል። ገድላቸው 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ይከተሏቸው እንደ ነበር ይናገራል፤ ሠዓሊውም አራዊቱን በግራና በቀኛቸው ያቆማቸዋል። ከዓይናቸው እንባ የምትጠጣ ወፍም ትታያለች። በሥዕል ሥርዓታችን ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ኃጥእ ደግሞ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። በብዙ ሥዕሎች የእኚህ ጻድቅ አንበሶች ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ወደ እኛ አቅንተዋል። ሠዓሊው አውሬውን ከጻድቃን ወገን ቈጥሮታል ማለት ነው።

ወደ ሰሜን ወሎ እንምጣ። በላሊበላ ቤተ ማርያም ሁለት በሬዎች ሲዋጉ ተሥለው ይታያሉ። አንዱ ተመልካች የመልካምና የክፉ ትግል ሊለው ይችላል። ከላስታ ደጋ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው በቆቦና በራያ ቆላ ግን ማሽላው የሚዘራው በበሬ ጉልበት ነው። ለዚያ ገበሬ የሁለት በሬ ፍልሚያ የተሰበረ እግርና ጦም ያደረ ማሳም ነው። ተምሳሌት በተመልካቹ ኑሮ ውስጥም ይፈታል።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቹ ሥዕሎቻችን በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ የተሣሉ ናቸው። ጨርቁ ሲያረጅ ወይም ሕንጻው ሲታደስ በታተመ ሥዕል ይተካሉ። አዲሱ ሥዕል አንበሳውን ወደ ጎን ካዞረው፣ ቀለሙ ቢያምርም አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጠፍቷል። ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ለጥናት ስትወጡ ከቀለሙና ከዘመኑ ጋር የአውሬውን ዓይን መዝግቡ፤ በአካባቢው ያሉ አባቶችንና ገበሬዎችንም ምን እንደሚያዩበት ጠይቁ።